ኮሽ የማይል ፖስታ

በኤልምባክ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ፣ በወሩ ሁለተኛ እሁድ፣ የሳንቲም ገበያ ይቆማል። ቀያዮቹ መኪኖች ወደ ውጭ ይወጡና በቦታቸው ጠረጴዛ ይደረደራል። ከጓዳው የዶሮና የበቆሎ ሾርባ ይሸጣል። የከተማው ጡረተኛ ሁሉ ሚስቱን "ለአንድ ሰዓት ብቻ" ብሏት ይወጣና ሾርባው ሲያልቅ ይመለሳል። ኢራ ሆስቴተር ከጓዳው በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ አርባ አንድ ዓመት ተቀምጧል። አሁን ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ደክሞታል። ጉልበቱ ደክሟል፣ ወገቡ ደክሟል፤ ሰው እየመጣ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀው ያንኑ መልስ መመለስም ደክሞታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ማንሾካሾክ ጀምሯል። ሚስቱ ላቨርን እንኳ፣ ድሮ ድምጿ ከማሳ ማሳ ይሰማ የነበረችው፣ አፏ ውስጥ ነው የምታወራው። እርጅና ሰውን ድምፅ ያሳጣዋል ብሎ ያዝንላት ነበር።

ኢራ የሚሸጠው ብዙ ነገር የለውም። ሰው እሱ ዘንድ የሚመጣው ለፖስታ ነው። ድሮ፣ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ፣ የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ለሰብሳቢዎች ብሎ በየዓመቱ አምስት ዓይነት ሳንቲም እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ አድርጎ ይቀርጽ ነበር። በስስ ላስቲክ ለየብቻ አሽጎ፣ በካርቶን ደግፎ፣ ቡኒ ፖስታ ውስጥ ከትቶ በሙጫ ይዘጋና ይልካል። ብዙው ሰው በደረሰው ዕለት ቀደደው። ሳይቀድ ያስቀመጠው ጥቂት ነው፤ ዛሬ በውድ የሚፈለገውም የእነዚህ የጥቂቶቹ ፖስታ ነው። የሳንቲም ሰብሳቢ የሚገርም ፍጥረት ነው፤ ሳያይ ይገዛል፣ ሳያይ ያስቀምጣል፣ ሳያይ ለልጁ ያወርሳል። የከፈተ ዕለት ይከስራል።

ሰው የማያየው ዕቃ ባለበት ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም። ፖስታውን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ያላቅቅና ጥሩውን ሳንቲም አውጥቶ፣ የማይረባ ከትቶ፣ ላስቲኩን በካውያ ለጥፎ መልሶ ይዘጋዋል። አዲስ ሙጫ የተጠቀመውን ጅል ኢራ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው የመመርመሪያ መብራቱ ይይዘዋል፤ አዲስ ሙጫ በዚያ ብርሃን ሥር ያበራልና። እንፋሎት ያበዛውን በጣቱ ይይዘዋል፤ ረጥቦ የደረቀ ወረቀት ይሻክራል። ብልሁን ግን፣ የድሮውን ሙጫ ራሱን አርሶ የዘጋውን፣ መብራትም ጣትም አይዘውም። ለሱ የተቀመጠለት ጆሮ ነው። ስድሳ ዓመት ያልተከፈተ ፖስታ፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቆ አንድ አካል ይሆናል። አንዴ ከተላቀቀ ግን ሁለተኛ እንደዚያ አይጣበቅም። ኢራ ፖስታውን ጆሮው ሥር አምጥቶ ሁለቴ በስሱ ይነቀንቀዋል። ኮሽ ካለ ተከፍቷል። ኮሽ ካላለ ግራ ማዕዘኑ ላይ በእርሳስ የስሙን ሁለት ፊደላት ይጽፍበታል፤ "ኢ.ሆ."። ከዚያ ወዲያ ያንን ፖስታ መልሶ የሚመረምር በሦስት አውራጃ ውስጥ የለም።

ለዚህ ሥራ ከማንም አምስት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። ቤቱ የአባቱ ነው፣ መኪናው አሮጌ ነው፤ የኔ የሚለው ያቺን ሁለት ፊደል ነው። ሲሞት በመቃብሩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይጽፉበት ለላቨርን ነግሯታል።

በኅዳሩ ገበያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ናዲን ኪፈር መጣች። ናዲን በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ሴት ናት፤ ግማሹን ከተማ አብልታ ያሳደገች። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ የኢራን ፊደል እያየች፣ የ1960 ፖስታ አራት ገዝታለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፊቱ ቆመችና አንድ ነገር ተናገረች።

"ዊልመር ስድሳ አምስት ሞላው" ነበር ያለችው። ዊልመር ባሏ ነው።

"ስድሳ አምስት ዶላር?" አለ ኢራ። "አትሽጪው። ከዚያ በላይ ያወጣል።"

በጎን ካለው ጠረጴዛ ክሌተስ ብሩባከር፣ ሠላሳ ዓመት አጠገቡ የተቀመጠው ወዳጁ፣ የሾርባ ማንኪያውን አፉ ሳያደርስ አቆመ። ናዲን ከቦርሳዋ አንድ የተቀደደ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማዕዘኑ ላይ "ኢ.ሆ." የሚል አለበት። ኢራ የገዛ ጽሕፈቱን ለየ፤ ከዚያ ላስቲኩን አየ። ግማሽ ዶላሩ ከኪስ ኪስ ሲዞር የኖረ ተራ ሳንቲም ነው፣ ፊቱ የተፋቀ። ባለ አንድ ሳንቲሟ ደግሞ የ1971 ናት። ፖስታው ከተዘጋ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተወለደች ሳንቲም ውስጡ ቁጭ ብላለች። ማንም አይከፍተውም ብሎ የተማመነ ሌባ ዓመተ ምሕረት ለማየት እንኳ አልደከመም።

ናዲን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ፊት ለፊቱ ሆና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነገረችው። ዊልመር የተወለደው በ1960 ነው። በልደቱ ቀን ልጆቹ ባሉበት አንዱን ፖስታ እንክፈተው ብላ ያሰበችው እሷ ናት። ያንን ያህል ዋጋ መቅደድ እብደት እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ሰው ስድሳ አምስት ዓመት የሚሞላው አንዴ ነው።

"ገንዘቤን ብዬ አይደለም የመጣሁት፣ ሚስተር ሆስቴተር" አለች። "ዊልመር ሳቀ፣ ልጆቹም ሳቁ። እኔ ነኝ ያልሳቅሁት። ኢራ ሆስቴተር የጻፉበት ነው፣ የተሳሳተችው ሳንቲሟ ናት ብዬ ከልጆቼ ጋር ተከራከርኩ።"

በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የእሱን ፊደል ይዞ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ናዲን የቀሩትን ሦስቱን ፖስታዎች አውጥታ አንድ ባንድ ደረደረችለት። እነዚህ ለሦስቱ የልጅ ልጆቿ ናቸው፤ ደህና ከሆኑ ደህና ናቸው ይበላት፣ ካልሆኑም ይንገራት፤ ለልጅ ልጆቿ ውሸት አሽጋ አትሰጥም።

የመጀመሪያውን አነሣና በመብራቱ አየው። ሙጫው አያበራም። በጣቱ ዳሰሰው፤ አይሻክርም። ጆሮው ሥር አምጥቶ ሁለቴ ነቀነቀው። ዝም። ሁለተኛው ዝም። ሦስተኛውም እንደዚያው። ትከሻው ትንሽ ቀለል አለው።

"ሦስቱም ደህና ናቸው" አላት። "ኮሽ አይሉም።"

ናዲን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። ፊቷ ላይ ንዴት ቢያይ ይሻለው ነበር፤ ያየው ግን ኀዘኔታ ነው።

"ሚስተር ሆስቴተር" አለች፣ ቃሉን እየለየች፣ "እኔ እኮ እዚህ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።"

ኢራ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። አዳራሹ ነው የሚንጫጫው፣ የጓዳው ድስት ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ግን አዳራሹ አይንጫጫም። አሁን ልብ አለው፤ መቶ ሃምሳ ሰው የሚጋፋበት አዳራሽ፣ ጥጥ ውስጥ እንደተጠቀለለ ዕቃ፣ ጸጥ ብሏል። ሰዉ አፉን ይከፍታል፣ ይስቃል፣ ወንበር ይጎትታል፤ ድምፅ ግን የለም። ወደ ክሌተስ ዞረ።

"አንተስ ትሰማዋለህ?"

ክሌተስ ከሦስቱ ፖስታዎች ሁለቱን እያሳየው ራሱን ነቅንቆ አዎ አለው።

"እኔ የማልሰማው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ክሌተስ ሁለት ጣቱን አወጣ። ሁለት ዓመት።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገርኩህ" አለ ክሌተስ፣ ጮክ ብሎ፣ ሾርባ የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ እስኪዞር። "ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። 'አዎ፣ ዘንድሮስ ብርዱ በርትቷል' አልከኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቁ። ክሌተስ ግን ነገሩን አልጨረሰም ነበር፤ ወንበሩን አስጠግቶ ጆሮው አጠገብ የቀረውን ተናገረ። የኢራ ጆሮ አይሰማም የሚለው ጭምጭምታ ከተማውን አልፎ ሄዷል። ድሮ ኮሽ የሚል ፖስታ የያዘ ሰው ከኢራ ጠረጴዛ ይሸሽ ነበር፤ አሁን እንዲያ ያለውን ፖስታ ከሌላ አውራጃ ድረስ እየያዙ እሱ ዘንድ ይሰለፋሉ። ኢራ ሰልፉን አስታወሰ። ካለፈው ዓመት ወዲህ በእጥፍ ረዝሟል። ሰው ዕድሜዬን አከበረልኝ ብሎ ማታ ለላቨርን ነግሯት፣ እሷም አንድ ነገር መልሳለት ነበር፤ ምን እንዳለችው አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄው ነው፤ ለኢራ ደግሞ ተረቱ በጥሬ ትርጉሙ ደረሰበት።

በካፖርቱ ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ውስጧ ጥንድ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ በጸደይ ልጁ አስለክታ ያሠራችለት። ላቨርን በየእሁዱ ሳጥኗን ኪሱ ውስጥ ትከታለች፣ እሱም በየእሁዱ ሳይከፍታት ይመልሳታል። መሣሪያዋ ታፏጫለች፣ ታሳክካለች፣ ደግሞስ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቢናገር መቼ ታስፈልግ ነበር? ሳጥኗን አውጥቶ ከፈታት። ሁለቱንም በየጆሮው ከተታቸው።

አዳራሹ ተደረመሰበት። የወንበር እግር፣ የጭልፋ፣ የሳል፣ የሳቅ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ጫጫታ አንድ ላይ ሰማው፤ ጥርሱን ነከሰ። ጫጫታውን እስኪለምደው ጠበቀና የናዲንን የመጀመሪያ ፖስታ አነሣ።

ኮሽ።

ጥፋቱን ለማወቅ አንዴ በቂ ነበር፤ እሱ ግን ደጋግሞ ነቀነቀው። ሁለተኛውም ኮሽ አለ፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ማንም ሕፃን የሚሰማው ዓይነት ነው። ሦስተኛው ዝም አለ። የእውነት ዝም።

"ይቺ ደህና ናት" አላት።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ላጲስ አወጣና የሁለቱን መጥፎ ፖስታዎች ፊደል በጥንቃቄ፣ ወረቀቱን ሳይጎዳ፣ አጠፋ። ሦስተኛዋንም አነሣና በእሷ ላይ ያለውንም ማጥፋት ጀመረ። ናዲን እጁን ያዘችው።

"ይቺ ደህና ናት አላልክም?" በድንጋጤ እርስዎ ማለቱን ረሳችው።

"ፖስታዋ ደህና ናት" አለ ኢራ። "ደህና ያልሆነው ፊደሉ ነው። መልካሙን ከመጥፎው የማይለይ ፊደል ምን ይሠራልሻል?"

ይህን ብሎ እዚያው ቢያቆም ማንም አይከሰውም ነበር። ክሌተስም ይብቃህ፣ ለሚመጣው ሰው ለየብቻው ትነግረዋለህ ብሎ ለመነው። ኢራ ግን ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ ወደ ጓዳው በር ሄደ፣ ሾርባ የምትሸጠው ሴት ተራ ቁጥር የምትጠራበትን ማይክ ከእጇ ተቀበለ። ረጅም ንግግር አላደረገም። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ "ኢ.ሆ." የተጻፈበት ፖስታ ያለው ሰው በፊደሉ እንዳይተማመን፣ ለሌላ ሰውም በዚያ ፊደል እንዳይሸጥ ተናገረ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ጆሮዬ አይሰማም አለ። የገዛ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣበት ያረጀ ሰው ድምፅ መሰለው።

አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ይህኛውን ጸጥታ በደንብ ሰማው። ሁለት ሦስት ሰዎች ዕቃቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው ወጡ። እነሱን ሌባ ብሎ የሚከተል የለም፤ ፊደሉን የጻፈላቸው ኢራ ራሱ ነው። ከዚያ የቀረው ሰው ፖስታውን ይዞ ቀስ በቀስ ይሰለፍ ጀመር። አንዳንዱ ተቆጥቷል፣ አንዳንዱ ትከሻውን መታ አደረገው፤ አንድ ሽማግሌ ጆሮው ላይ ጮኾበት ሊያደነቁረው ምንም አልቀረውም። ኢራ እያንዳንዱን ይነቀንቃል፣ የሰማውን ለባለቤቱ ይነግራል፤ ደህናም ቢሆን መጥፎም ቢሆን ፊደሉን ያጠፋል። የላጲሱ ድምፅ አስገረመው። ሁለት ፊደል ማጥፋት ይህን ያህል የሚጮኽ አይመስለውም ነበር።

ሾርባው አልቆ ድስቱ ሲታጠብ ላቨርን ልትወስደው መጣች። መሣሪያውን ጆሮው ውስጥ አየችና ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ እየጮኸች ያላሰማችውን ሴት፣ ከሰልፉ ኋላ፣ በተራ ድምጿ ስታናግረው ሰማት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ስሜን እያጠፋሁ ነው" አለ ኢራ፣ ቀጥሎ ላለው ሰው እጁን እየዘረጋ።