አልጋው ላይ አላድር ያለው ቡችላ

ሰዓት ሠሪው ውሻ አምጪልኝ አላለም። ልጁ ናት ያመጣችበት። ልጁ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጣ የምትውል ሴት ደግሞ «አይሆንም» የሚባል ነገር ቶሎ አይገባትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጫማ ካርቶን አቅፋ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ ከአይጥ ትንሽ ከፍ ያለ ቡናማ ቡችላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቤቱ ጭር ብሎብሃል፣ እማዬ ከሞተች አራት ወር ሆናት፣ አንድ የሚተነፍስ ነገር አጠገብህ ይኑር ብላ ከተፈታታው የግድግዳ ሰዓት አጠገብ አስቀመጠችው። ቡችላው ከካርቶኑ እንደወጣ የመጀመሪያ ሥራው አንዲት ጥርሳም የናስ መዘውር መላስ ሆነ። ሰዓት ሠሪው መዘውሯን ከምላሱ ላይ በመቆንጠጫ አነሣና «ቁንጫ!» አለው። ስሙም በዚያው ጸና።

ችግሩ የሚያድርበት ቦታ ነበር። ሰዓት ሠሪው የሚሠራበትም የሚተኛበትም አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ ዓይን የማያያቸው ብሎኖች ስላሉ ቡችላው እየለቀመ ቢውጣቸው ሌላ ጣጣ ነው። ኮሪደሩ ይነፍሳል። የቀረው ሚስቱ በመጨረሻው ዓመቷ ለብቻዋ የተኛችበት፣ ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልከፈተው ክፍል ብቻ ነው። ልጁ ሳታማክረው ከፈተችው፤ ጠረገችው፤ መስኮቱ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፋ ለቁንጫ አልጋ አበጀችለት። ከዚያ ከአንድ ውሻ አሠልጣኝ የሰማችውን ሁሉ ለአባቷ ታስጠናው ጀመር። አልጋው ላይ ስታስቀምጠው አንድ ጊዜ ብቻ «ቦታህ» በለው። በሩን ዝጋ። ማልቀሱ አይቀርም፤ አትግባለት፤ እያለቀሰ ከገባህለት ማልቀስ ነው የምታስተምረው።

«አሥር ደቂቃ ጠብቅ አባዬ። ይረሳዋል» አለችው።

ሰዓት ሠሪው ክው አለ። ይህንኑ ምክር፣ በዚሁ ድምፅ፣ ከአፏ ሲሰማ ሁለተኛው ነው። እሷ የመጀመሪያውን አታስታውሰውም፤ እሱ ደግሞ እንዳታስታውሰው ነበር አራት ወር ሙሉ የሚጸልየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ መርሳት ጀምሯት ነበር። በመጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በመጨረሻ ቀንና ሌሊቱ ተደባለቀባት። አርባ ዓመት ከሰዓት ሠሪ ጋር የኖረች ሴት ሌሊት ሌሊት እየነቃች «ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ትጣራለች። ተነሥቶ ይነግራታል። ገና አልጋው ሳይሞቅለት ደግማ ትጠይቀዋለች። አንዳንድ ሌሊት አሥራ አምስት ጊዜ። ቀን ቀን እጁ እየተንቀጠቀጠ ብሎን መያዝ አቃተው፤ የሰው ሰዓት ሊያበላሽ ሆነ። አንድ ቀን ሆዱ ሲብስ ለልጁ በስልክ ነገራት። እሷም ተርሚናል ቆማ ተሳፋሪ እየጫነች ነበርና በችኮላ፣ ቶሎ አትመልስላት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ትረሳዋለች አለችው። በቅንነት ነው፤ ለአባቷ አዝና ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አሥር ደቂቃን በግምት ይወስደው ነበር፤ ሲያሰኘው በሦስት፣ ሲያሰኘው በአራት ይነሣል። ሰዓት ሠሪ ግን ግምት አያውቅም፤ የሙያው በሽታ ነው። ከራስጌው ባለሰከንድ የእጅ ሰዓቱን ሰቀለና ስትጣራ ይዞ መቁጠር ጀመረ። ሠራም። በአራተኛው ደቂቃ፣ በአምስተኛው፣ ድምፁ ይጠፋል። ለሦስት ሳምንት እንደ ሰው ተኛ።

የመጨረሻዋ ሌሊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጣራች። ሰዓት አልጠየቀችም። «አንተ» ነበር የምትለው፤ «አንተ፣ አንተ»። ልዩነቱ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ገብቶታል። ግን ሰዓቱን አንሥቶ መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ የጀመረውን ደግሞ መጨረስ ይወዳል። በሰባተኛው ደቂቃ ዝም አለች። ያኔ ሰዓት ሠሪው «ለመደች» አለና ደስ አለው። ደስ ብሎት ተኛ። እስከዛሬ አንጀቱን የሚበላው ያ ደስታ ነው። ሲነጋ በአልጋዋና በበሩ መካከል ወለሉ ላይ ወድቃ፣ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ አገኛት። አንሥቶ አልጋዋ ላይ አስተኛት፤ ፀጉሯን አስተካከለ፤ እስከ ደረቷ አለበሳት። ከዚያ ነው ለልጁ የደወለላት። በእንቅልፏ ሄደች አላት።

ግማሹን የዋሸው ለራሱ ነው። ሌላው ግማሽ ለልጁ ነበር፤ ያን ምክር የሰጠች እሷ ናትና እናቴን ገደልኩ ብላ እንዳትኖር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝንቡ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ግን አፍ መዝጋቱ ምን ሊፈይድ ነው?

እንግዲህ ቁንጫን አልጋው ላይ ማሳደር የነበረበት ይህ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ቡችላው ማላዘን ሲጀምር ሰዓት ሠሪው ሁለት ደቂቃ አልቆየም፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ገባ። ቁንጫ አልጋው ላይ የለም። በሚስቱ አልጋና በበሩ መካከል፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ሆዱን ወለሉ ላይ አጣብቆ ተኝቷል። ሰዓት ሠሪውን ላብ አጠመቀው። አንሥቶ አልጋው ላይ አደረገውና «ቦታህ» አለው። ሲነጋ ቡችላው እዚያችው ቦታ ላይ ነበር። በማግስቱም እንደዚያው። ብርድ ልብሱን ለወጠለት፤ አልጋውን ከመስኮቱ አንሥቶ ወደ ቁም ሣጥኑ አዛወረለት፤ ወለሉን በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠበ። ቁንጫ ግን ማታ እንደ ጨዋ ልጅ አልጋው ላይ ይወጣል፤ ጠዋት እዚያችው ቦታ ይገኛል።

ላይኛው ፎቅ የምትኖረው አስተማሪ ደረጃ ላይ ስታገኘው አጽናናችው። ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ከሥሩ ይኖራል፣ ውሻ ሙቀት ያሸታል አለችው። የተማረ ሰው ደግ ነው። ሰዓት ሠሪው ደስ እያለው ገብቶ ተንበረከከና መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ይቀዘቅዛል። ከሌላው ቦታ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የውሻውን አልጋ እዚያው ላይ አንጥፎ መገላገል ቀላሉ መላ ነበር፤ እጁ ግን እምቢ አለው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የሰዓት ሠሪ ጆሮ ቀጭን ነው፤ ከብዙ ድምፅ መካከል የትኛው እንደሚቀድም ይለያል። በአምስተኛው ሌሊት ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሲያዳምጥ መጀመሪያ የሰማው የሚስቱ አልጋ ሲንቋቋ ነው። የቡችላው ጥፍሮች ወለሉ ላይ የተሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አልጋው፣ ቀጥሎ ውሻው። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ እንደ ሕፃን ተንቀጠቀጠ፤ ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነው።

ልጁ በየቀኑ ትደውላለች፤ አደረልህ ወይ ትለዋለች፤ እንደ ድንጋይ ይላታል። ታዲያ አንድ እሁድ ፈረቃ ስላልነበራት ሳትደውል በማለዳ መጣችና የክፍሉን በር ከፈተች። ቁንጫ እዚያው ነው።

«ለምንድን ነው እዚህ ላይ የሚተኛው?» አለች።

ሰዓት ሠሪው የውሻ ነገር ማን ያውቃል ብሎ ፊቱን አዞረ። ልጁ ሳቀች። ገብቶኛል አለችው፤ አንተ አንጀትህ ስለማይችል ገና ሲያለቅስ እየሮጥክ ትገባለታለህ፤ እሱም አውቆብህ በሩ አጠገብ ይጠብቅሃል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ዛሬ እኔ አድራለሁ፤ ሠልጥኖ ሲያድር ታያለህ። ሰዓት ሠሪው እኔ ክፍል እግሬ ሥር ይተኛ ብሎ ለመናት። እዚያማ ብሎን ይውጣል አለችው። እስከዛሬ አልፎ አልፎ ብታድር ደስ ይለው የነበረ አባት፣ የዚያን ቀን የልጁን የመሄጃ ሰበብ ሲፈልግ ዋለ። ምንም አላገኘም።

ሌሊት ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ወንበር አስቀምጠው በሩ ፊት ተቀመጡ። ልጁ ከአባቷ ራስጌ ባለሰከንዱን የእጅ ሰዓት አንሥታ ይዛለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቁንጫ ጀመረ። ሰዓት ሠሪው ከወንበሩ ብድግ ሲል ልጁ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። አንድ ደቂቃ አለች። ሁለት። ድምፁ ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ ይላል። ሦስት። ሰዓት ሠሪው ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ልጁ ባቡር የሄደበት ሰው ትመስላለህ ብላ ቀለደችበት። አራት። አምስት። ውስጥ አልጋው ተንቋቋ፤ ልጁ የሰማች አትመስልም። ስድስት። በሰባተኛው ደቂቃ ድምፁ ቀጥ አለ።

«አየህ?» አለች እየሳቀች። «ለመደ።»

ዞራ ስታየው ፊቱ አመድ መስሏል። ሳቋ ሳይከስም አፏ ላይ ቀረ። እጇ ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሰዓቱ ከአባቷ ራስጌ ምን እንደሚሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀች መሰለች። በሩን አየች። 

«አባዬ፣ እማዬ ያን ሌሊት ጠርታህ ነበር?»

«አልጠራችኝም። በእንቅልፏ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ያኔ ጠብቅ ያልኩህ እኔ ነኝ አይደል?»

«አላስታውስም» አለ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያደሰውን ሰዓት ከነባለቤቱ የሚያስታውስ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ልጁ ተነሥታ በሩን ከፈተች። ቁንጫ እዚያችው ቦታ ላይ ነው፤ ጭራውን በቀስታ እየወዘወዘ ባዶውን አልጋ ያያል። አላነሣችውም። ጠባብ መንገድ ላይ አውቶቡስ ያልፍ አያልፍ እንደሆነ በምትለካበት ዓይን ከአልጋው እስከ ውሻው፣ ከውሻው እስከ በሩ ያለውን ለካች። ከዚያ ቁንጫን ዞራ አልፋ ከነልብሷ እናቷ አልጋ ላይ ተጋደመች።

በሩን ዝጋልኝ አለችው። ዘጋው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ መብራቱን አጠፋች። እንቅልፍ እንዲወስዳት፣ ጠዋት ስትነሣ እንደ ክፉ ሕልም እንዲጠፋት ለመነ። ከዚህ በፊት በዚያ በር ጀርባ ዝምታ ሲወርድ ደስ ብሎት ነበር፤ አሁን ትንፋሿ አለመሰማቱ አስጨነቀው። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላወቀም፤ ሰዓቱ እሷ ዘንድ ነው።

«አባዬ።»

ቃሉ ሳያልቅ በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ኮሪደሩ ላይ ተገልብጧል። ቁንጫን ሊረግጠው ነበር። ምን ሆንሽ፣ ምን ሆንሽ አለ እየተርበተበተ፤ በጨለማ እጇን ፈለገ።

«ምንም አልሆንኩም። ትመጣ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

 ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች እንደሆነ ከእጇ ታወቀው። ሊያጽናናት ፈለገ፤ የሚያጽናናው ውሸት ግን አልቆበት ነበር።

«እሷም እንዲህ ቀስ ብላ ነው የጠራችህ?» አለችው።

ሰዓት ሠሪው አሰበ። አዎ ቢላት ይቀልላት ነበር፤ ያልተሰማ ጥሪ ማንንም አይከስስም።

«ከዚህ ጮክ ብላ ነበር» አላት።

ልጁ እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልወቀሰችውም፤ ራሷንም ቢሆን ያኔ አልወቀሰችም፤ ያ ገና ይመጣል። ሰዓት ሠሪውም መቀመጥ አልደፈረም፤ መውጣትም አልደፈረም፤ አልጋው አጠገብ እንደቆመ ነጋበት።