አየር ወጣ?

ወይዘሮ ወርቅአየሁ የተጠማዘዘ አንጀታቸው ተቆርጦ ከተቀጠለ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እህል ውሃ በአፋቸው አልዞረም። ልጃቸው ቤዛዊት የአሥር ቀን አራስ ስለሆነች ዘንገና ቀርታ፣ እንጅባራ ሆስፒታል የሚያስታምማቸው አማቻቸው ደረሰ ነው። አማትና አማች በአምስት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ተያይተው እንጀራ ቆርሰው አያውቁም፤ እሳቸው እሱን አንቱ፣ እሱም እሳቸውን አንቱ። አሁን ግን ትራስ አስተካካዩም፣ ደግፎ አስነሽውም እሱ ሆነ። ሲያስነሳቸው እሳቸው ግድግዳውን፣ እሱ መስኮቱን ያያሉ።

ነርሷ ማስተዋል ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን ከሩቅ ከብት ይመልሳል። ጠዋትና ማታ በሩ ላይ ቆማ፣ “እማማ፣ አየር ወጣ?” ትላለች። አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ ሳይወጣ ሻይ እንኳ አይፈቀድም።

“ኧረ ምን በወጣኝ!” ይላሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው።

የዚያን ቀን ረፋድ ሐኪሙ መጣ። እስከ ማታ ካልወጣ ወደ ባሕር ዳር እንደሚልካቸው፣ ምናልባትም ሆዳቸው እንደገና እንደሚከፈት ተናግሮ ሄደ።

ደረሰ ሐኪሙን ሊከተል እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ወጥቷላ! ጧት ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ ሳለ በሁለት ጆሮው ሰምቷል። አንዴ ብቻ ቢሆን አልጋው ነው ባለ፤ ሦስት ጊዜ ነው። ማንኮራፋት የጀመረውም ያኔ ነው። ቢናገር ዳግመኛ ዓይኑን አያዩም፤ ዝም ቢል እኚህ ሟሽሸው ጫጩት ያከሉ ሴት ያለ ምክንያት ቢላ ሊገባባቸው ነው። እናቱን በልጅነቱ ቀብሯል። ሁለተኛዪቱን ለይሉኝታ ብሎ መቅበር አልሆነለትም።

ማስተዋልን ኮሪደር ላይ አገኛት።

“እህቴ፣ ያ ነገር... ወጥቷል።”

“ማን አየው?”

“ይታያል እንዴ? ሰማሁ እንጂ!”

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባች። ማዳመጫዋን ሆዳቸው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና ደረሰን ውጭ እንዲጠብቅ ነገረችው። በሩን ሲዘጋ፣ ያች ባለ ትልቅ ድምፅ ልጅ በአገውኛ ስታንሾካሹክ ሰማ። ምን እንደተባባሉ ግን አልያዘም። ቆይቶ ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ ቀጭን ሻይ በማንኪያ እንዲሰጣቸውም ፈቀደ።

ከሁለት ማንኪያ በኋላ ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ፣ “እርስዎ ነዎት የነገሯት?” አሉ።

“ማዳመጫው ነው እሜቴ።”

“ማዳመጫው!” አሉ። “ጧት እንዳልተኙ አውቄያለሁ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንዲያ አያንኮራፋም።”

ደረሰ የሚገባበት ጠፋው። ይሄኔ ቢያባርሩትም አይፈርድባቸውም።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“ልጄ፣” አሉት፣ “በል ጨምርልኝ።”