የቆርቆሮ መኪኖቹ ድንኳን

ስምንተኛው ፊኛ ሲፈነዳ በዛብህ መንፋቱን ተወ።

"ማዓሊን፣ ይቅርብን። የጅጅጋ ንፋስና ፊኛ አይስማሙም" አለች ነስራ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆመች። በወጣት ማዕከሉ እሷ ስፌት ታሠለጥናለች፣ እሱ የእጅ ሥራ፤ "ማዓሊን" የሚሉትም መምህር ስለሆነ ነው። ከሁለቱ በቀር የቀረ ሠራተኛ የለም።

"እሺ፣ ባንዲራዎቹን ስቀያቸው።"

ልጆቹ ከዱቄት ከረጢት ቆርጠው ጥቁርና ነጭ የቀቧቸው ትንንሽ ባንዲራዎች ናቸው። ከድንኳኑ ምሰሶ እስከ ምሰሶ ተዘረጉ። ከሥራቸው ከየቤቱ የተለመነ ጣውላ ተገጣጥሞ፣ በከሰል ጠቁሮና በኖራ ተሰምሮ፣ ከጠረጴዛ አናት ወደ መሬት የሚወርድ አስፋልት ሆኗል። አናቱ ላይ የድንበሯ ከተማ "ቶጎጫሌ"፣ ግርጌው ላይ "ጅጅጋ" ተብሎ ተጽፏል። መሀል ላይ የክር ኬላ ሳይቀር አለ፤ መኪና በመጣ ቁጥር አንድ ልጅ ክሩን ያነሳል። ኬላ የሌለበት መንገድ ከቶጎጫሌ የመጣ ሊባል አይችልም ብለው ድርቅ ያሉት ልጆቹ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አራት ሰዓት ላይ የወጣቶች ቢሮው ኃላፊ አቶ ዐብዲናስር ይመጣሉ። ቃላቸው አጭር ነበር፤ ግቢው ውስጥ የሚሠራ ወጣት ካዩ ማዕከሉ ይቀጥላል፣ ካላዩ ሰኞ ቁልፉ ለመጋዘን ይሰጣል። የመጋዘኑ ጭነትማ ሰኞን ሳይጠብቅ ገብቷል። የአዳራሹ ግማሽ በሩዝና በዘይት ካርቶን እስከ ጣሪያው ተሞልቷል። ኃላፊው እንዲያዩት የተዘጋጀው የልጆቹ የቆርቆሮ መኪና ውድድር ደጅ የወጣው ለዚህ ነው።

ደጅ ደግሞ ንፋስ አለ። ሐሙስ ዕለት ያለ ድንኳን ሞክረውት ነበር። መኪኖቹ ከወተት ቆርቆሮና ከሽቦ የተሠሩ፣ ጎማቸው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ ቢይዟቸው ክብደት የሌላቸው ናቸው። ከሃያ ሦስቱ አንዱም ጅጅጋ አልገባም፤ ንፋሱ እያነሳ ከመንገድ ጣላቸው። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ፣ በዛብህ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ የእድሩን ድንኳን አወጣ። የእድሩ ንብረት ያዥ እሱ ስለሆነ ቁልፉ በኪሱ ነው። ለማንም አልተናገረም። አንደኛውን ድንኳን መጋቢት ላይ ንፋስ ቀዶት የቀረው ይሄ ብቻ መሆኑን እያወቀ፣ ቅዳሜ ሰው የማይሞት ይመስል፣ "ማታ እመልሰዋለሁ" ብሎ ወሰደው።

ይህን ሁሉ ያደረገው ስለፈራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ማዕከሉ ለእድሳት ተብሎ ሦስት ወር ተዘግቶ ነበር። በሁለተኛው ወር ሀናድ የሚባለው ልጅ፣ ከሁሉም የተሻለ መኪና ይሠራ የነበረው፣ ታህሪብ ወጣ፤ በረሃውን አቋርጦ ወደ ሊቢያ። አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እናቱ በዛብህን መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር "ማዓሊን፣ ላንተም አልደወለም?" ይሉታል። ያችን ጥያቄ ከሌላ እናት አፍ ዳግመኛ መስማት አይችልም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሰዎች በበሩ ገቡ። ፊት ፊት የሚራመዱት የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ቀለመወርቅ ናቸው። ከኋላ ጋቢ የለበሰው አብሮ አደጉ ሙላቱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። በዛብህ ገና ሳይነገረው ገባው።

"እትዬ ጥሩአየሁ አረፉ፣ የሙላቱ እናት" አሉ ጋሽ ቀለመወርቅ። "ዕቃ ቤቱን ሰብረን ብንገባ ባዶ ነው። ድንኳኑን እዚህ ያዩ ሰዎች ናቸው የነገሩን።"

"ነፍስ ይማር... ሙሌ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ" አለ በዛብህ። ሙላቱ ባንዲራዎቹን ያይ ነበር።

"አስከሬኑ አሁን ከሆስፒታል ይገባል። ለቅሶኛው አቧራ ላይ ነው የተቀመጠው።"

"ጋሽዬ፣ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ታገሱኝ። በማርያም!"

"እስከ አምስት ሰዓት ሬሳውን ፀሐይ ላይ ላስቀምጠው?"

"ሸራ ብትወጥሩ..."

"በዚህ ንፋስ?"

ነስራ ከመሰላሉ ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

"ማዓሊን፣ ስጣቸው። ሞት እኮ ነው" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ኃላፊውን ሌላ ቀን እንለምናለን።"

"ሦስት ጊዜ ለመንን'ኮ፣ ነስራ።"

"ወላሂ አውቃለሁ። ቢሆንም ስጣቸው።"

ጎንበስ ብሎ አንዱን ገመድ ፈታ። የድንኳኑ ማዕዘን እንደረገበ ንፋሱ ገባ። መጀመሪያ የሳጋል አረንጓዴ ኢሱዙ ተገለበጠ፣ ከዚያ የተሰለፉት ሁሉ። ልጆቹ ዘለው መኪኖቻቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሳጋል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። የኢሱዙዋን የተጣመመ በር በጣቷ እያቀናች፣ "ማዓሊን፣ ቀረ እንዴ?" አለችው።

ስልኩ ጮኸ።

"አቶ በዛብህ፣ ከቢሮ ወጥቻለሁ" አሉ አቶ ዐብዲናስር። "አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ። ልጆቹ አሉ አይደል?"

"አሉ። ይምጡ" አለና ስልኩን ዘጋ።

"ጋሽ ቀለመወርቅ።"

"አቤት።"

"ከእድሩ ሰርዙኝ። ድንኳኑን ግን እስከ አምስት ሰዓት አልሰጥም።"

"በስመ አብ!" አሉ ሽማግሌው። ሙላቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "በዛ፣ አብረን አይደል ያደግነው? እናቴ እኮ ናት" አለው። በዛብህ ሊያየው ሞክሮ አልቻለም። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ጋሽ ቀለመወርቅ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

"አንተስ ገና ጉልበት አለህ" አሉ። "በስምህ የተመዘገቡትን እናትህንስ አብሬ ልሰርዛቸው?"

እናቱ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ አልተነሱም። አርባ ዓመት ሙሉ ለዚህ እድር ከፍለዋል። ወታደር አባታቸው ካመጧቸው ወዲህ እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፤ የሚቀብራቸው እድሩ ነው።

ልጆቹ መኪኖቻቸውን እንደያዙ ያዩታል። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

በዛብህ ቀና ሳይል ተንበረከከ። የፈታውን ገመድ ስቦ ካስማው ላይ አንዴ ጠመጠመው፣ ደገመው፣ ከዚያም አጥብቆ ቋጠረው።