በጸሎቱ ጸ

"ቃሉን ሁሉ ይዞታል እኮ፣ የኔታ!"

"ፊደሉ ነው እንጂ የማይያዝለት..."

ልጅ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ የሰማሁት ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ የተማሪው አባት ይመስለኛል። የኔታ ቀጥለው ስለ ጆሮና ስለ ዐይን አንድ ነገር ብለው ነበር፤ እንዴት እንዳሉት ጠፍቶብኛል። ልጁ ትምህርቱን መተዉን ብቻ አስታውሳለሁ።

ይህ ትዝ ያለኝ ባለፈው ሰኞ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ከእህቴ ከፀደይ ጋር አማካሪው ፊት ተቀምጬ ነው። ልጇ ፀጋ ሦስተኛ ክፍል ናት። የእሑዱን ስብከት ከነምሳሌው ሳታዛንፍ ትነግረኛለች፤ ያመለጠኝን የምጠይቀው እሷን ነው። መጽሐፍ ስትይዝ ግን "ሰላም" የሚለው "ለሳም" ይሆንባታል። ዐይኗም ጆሮዋም ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። "እኔ አልቀያይራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሚቀያየሩት" ትላለች።

አማካሪው አቶ ሰይፈሚካኤል በሩብ ሰዓት የሚያልቅ የማሰብ ችሎታ ፈተና ሰጥቷት ነበር።

"ውጤቷ ዝቅተኛ ነው። ወደ አንደኛ ክፍል ብትመለስ ይሻላል" አለ፣ ሻዩን እያማሰለ።

"ጥያቄውን ማን አነበበላት?" አለች ፀደይ።

"ማን ያነብላታል? ራሷ ናት እንጂ!"

"ታዲያ የለካችሁት ማሰቧን ነው ማንበቧን?"

"የፀጋ እናት፣ አይቆጡ። ይኸው የቃል ጽሕፈቷ። ስሟን እንኳ በቅጡ አትጽፍም!"

በጸሎቱ ጸ "ጸጋ" ብላ ጽፋ ኖሯል። በቀይ ተሰርዟል። ለ እና ሰ የተምታቱባት ቦታም ያው አንድ ዓይነት ቀይ። የጸሎት መጽሐፌ ላይ እኮ ጸጋ በዚሁ ጸ ነው የተጻፈው።

"እርስዎስ?" አለች ፀደይ። "ስምዎ በሩ ላይ በእሳቱ ሰ፣ ደረትዎ ላይ በንጉሡ ሠ። የትኛው ነዎት?"

ደረቱ ላይ ያለውን መታወቂያ ገልበጥ አደረገው።

"ሌላ ፈተና የላችሁም?"

"መኖሩንስ አለ።" በአገጩ ቁም ሳጥኑን አመለከተ። "በቃል የሚጠየቅ፣ በሥዕልና በእንጨት ቁርጥራጭ የሚሠራ። የቃላትን ድምፅ መለየት የሚለካም አብሮት አለ። ግን ለአንድ ልጅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።"

የፈተናው ሳጥን ከነላስቲኩ ነው። አልተከፈተም።

ሰው ባለማወቁ አይጠላም፤ ይሄ ግን ያውቃል። ልጅ ለማውረድ ሩብ ሰዓት በቃው፣ ለማወቅ ግማሽ ቀን በዛበት። ይቅር በለኝ አልኩ በልቤ፤ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ እንኳ ያስጠላኝ ጀመር።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይምከሯት" አለኝ።

"እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት" አልኩት። "እየሰማሁ ነው።"

ፀደይ ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። "እኔም ቸኩዬ አልመጣሁም። ልጄን በማትችለው መዝናችሁ አታወርዷትም። ሳጥኑ ይከፈት፤ ያኔ ውረጂ ካላት ትወርዳለች።"

ከውጭ የሌላ ወላጅ ድምፅ ተሰማ። አማካሪው ሰዓቱን አየ፤ እኛን አየ። አልተነሣንም።

"እሺ" አለ በመጨረሻ፣ አፉን እያጣመመ። ሐሙስ ጠዋት ላስቲኩን ሊቀድ፣ ጥያቄውን በገዛ አፉ ሊያነብላት፣ እሷ ስትናገር እሱ ሊጽፍላት፣ ንባቧን ለብቻው ሊለካ፤ እስከዚያም ፀጋን ከሦስተኛ ክፍል ላያስነሣት ተስማማ።