የዝናብ ውሃችንን ማን ጨረሰው?

ሳያት ጥሩ ልጅ ናት። ችግሯ ይህን ከማንም በላይ እሷ ማወቋ ነው።

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ያለው የሴት ተማሪዎች መኖሪያችን የጣሪያውን ዝናብ በትልቅ ታንከር አጠራቅሞ፣ በፀሐይ አሙቆ የሚያጥበን አዲስ ቤት ነው። ሳያት የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆና ከተመረጠች ወዲህ ግን ሰላም የለንም። ሻወር ቤት ትንሽ ከቆየን በር ትደበድባለች። አምፖል ሳናጠፋ ከወጣን ምሳ ላይ ስማችን ይነሣል። እውነት ለመናገር ተለውጠናል፤ እኔ ራሴ ጥርሴን ስቦርሽ ቧንቧ መዝጋት የለመድኩት እሷን ፈርቼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ታንከሩ ባዶውን ተገኘ። እስከ በልግ ያደርሰናል ያልነው ውሃ የት እንደገባ ጠፋን። የቤቱ ኃላፊ እትዬ ተዋበች ግቢው ውስጥ ሰበሰቡን።

"ይህን ያደረገች ልጅ ሌላ ቤት ትፈልግ" አሉ። ቁጣቸውን አይተነው ስለማናውቅ ደነገጥን። በር ላይ የቆመው የውሃ ቦቴ ታንከሩን እየሞላ ነበር።

ከእናቷ ቤት ገና የተመለሰችው ሳያት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተነሣች።

"እትዬ፣ እኔ ልናገር። ገመድ ላይ የተሰጣው ብርድ ልብስ የማን ነው?"

ሁላችንም ወደ ሩታ ዞርን። ሩታ ዘንድሮ ከገጠር የመጣች፣ ሐዋሳ ላይ የሚያስጠጋት ዘመድ የሌላት ልጅ ናት።

"በአንድ ባልዲ ነው ያጠብኩት" አለች ቀስ ብላ።

"አንድ ባልዲ ታንከር አይጨርስም! ቧንቧውን ሳትዘጊ ሄደሽ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ኃላፊነት ይጠይቃል፤ አንቺ የት ለምደሽው!"

አንዳችንም ተይ አላልናትም። አሁን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ሩታ አንገቷን ደፋች። "ይሆናል" አለች። "ረስቼው ይሆናል።"

ያኔ የታንከሩን ውሃ ወደ ፎቆቹ የሚገፋው ፓምፕ ተነሣ። ወዲያው ከሦስተኛ ፎቅ የሚንዷለል ውሃ ተሰማ። እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ላይ ሮጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ድምፁ የሚመጣው ከተቆለፈ ክፍል ነው። ክፍሉ የሳያት ነው። ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣች።

የመታጠቢያዋ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ከሥሩ የተደቀነው ባልዲ ሞልቶ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ይፈሳል። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ተከፍቶ ባልዲ ይደቀንበታል፣ በመጣ ሰዓት ይሞላል። ሐሙስ ፓምፑ ሲበላሽ ሳያትም ምሥራቅ ክፍለ ከተማ እናቷ ቤት እንደለመደችው አድርጋ፣ በሯን ቆልፋ ሄዳ ነበር። ዓርብ ፓምፑ ሲጠገን ሁላችንም ክላስ ነበርን።

ሳያት ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ቧንቧውን ገብታ የዘጋችው ሩታ ናት።

"ስደቢኝ" አለቻት ሳያት። "በእናትሽ፣ የሆነ ነገር በይኝ።"

ሩታ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ምን ልበልሽ? እኔ እኮ አምኜሽ ነበር። ዕቃዬን ልሰበስብ ነበር።"

ሳያት እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች። እኛም የሩታን ዓይን ማየት አቅቶን አንድ በአንድ ወረድን።