የባለካባው ምሳ

ባለቤቴ ፍርዷን የሰጠችው ሳሎን መሃል ቆማ ነው። «ይሄም ዓሣ እንደ በፊተኛው ከሞተ አኳሪየሙ ይሸጣል። በቦታው የእማዬ ቁም ሣጥን ይገባል።» ይግባኝ የለም። በእኛ ቤት ከሳሽም ዳኛም እሷ ናት፤ እኔ ሁልጊዜ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩት ነኝ።

ዓሣውን «ባለካባው» እንለዋለን። ጣት ቢያህል ነው፤ ግን ሰማያዊ ላይ ብርቱካናማ ጥልፍ የተጣለበት ካባ የደረበ ይመስላል። እንደ ሌሎቹ አይዋኝም። አሸዋው ላይ በክንፎቹ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ድንጋዩን ይመረምራል፣ እንደ ጨረታ ኮሚቴ አስቦ አስቦ አንዲት ቅንጣት ይለቅማል። የኮራል ድንጋዩ ላይ የነበሩትን ደቃቅ ነፍሳት ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ግን ሆዱ ጎደጎደ፤ አከርካሪው ከካባው ሥር ይታይ ጀመር።

ያልገዛሁለት ነገር የለም። በረዶ የሆነ ሽሪምፕ፣ የዓሣ እንቁላል፣ ዓሣ ሻጩ «ይሄን እምቢ ያለ የለም» ብሎ የማለልኝ ዱቄት ሁሉ ቀረበለት፤ አንዱንም አልቀመሰም።

«እኔ ሳረግዝ እንኳ እንዲህ አልተሯሯጥክም» አለች ባለቤቴ።

«አንቺ መቼ ምግብ እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ያቺ ቀልድ ሶፋ ላይ አሳደረችኝ።

በማግስቱ አማቴ መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ የአኳሪየሙን ወርድ በስንዝር ይለኩ ጀመር፤ በሽተኛው ሳይሞት የሬሳ ሣጥን እንደሚለካ አናጢ።

«ይገባል» አሉ።

«እማማ፣ ገና እኮ በሕይወት አለ።»

«አየሁት። አንተም አለህ፤ ግን ከስተሃል።»

ምሳ ቀረበ። እኛ የምንበላው አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ከእኛም ይብሳሉ። አማቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገቡ ገና ወር አልሞላቸውም። የመጀመሪያዋን ድንች አላምጠው፣ አላምጠው፣ ለሁለተኛዋ ሹካቸውን ሲዘረጉ ሳህኑ ተጠርጓል። ሹካቸውን አስቀምጠው እኔ ለዓሦቹ ምግብ ስበትን ማየት ጀመሩ።

አኳሪየሙ ውስጥ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አሉን፤ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ፣ የሚኖሩትም እዚያው ጨው ውሃ ውስጥ ነው። እንቁላሉ አሸዋ ሳይነካ ከላይ ቀለቡት። ባለካባው የወደቀች አንዲት ፍሬ አየ፣ ወደ እሷ ተራመደ፣ ቆመ፣ አሰበ። አንደኛው ጉልቤ ከፊቱ ነጥቆ ሄደ።

አማቴ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ዓሣ አልበላም አላለም።»

«እና ምን ሆኖ ነው?»

«እንደ እኔ ነዋ። አፉን እስኪከፍት ማዕዱ ይነሳል።»

ባለቤቴ ባዶውን ሳህን፣ ከዚያ እናቷን አየች። ፊቷ ቀላ። እኔ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበረኝም፤ የማርማላታ ጠርሙስ ፍለጋ ወጥ ቤት ገብቻለሁ። ጉልቤዎቹ ቁመታም ናቸው፤ ባለካባው ጠፍጣፋ ነው። የፕላስቲክ ክዳኑ ላይ እሱን ብቻ የምታሳልፍ ዝቅ ያለች በር ቆረጥኩ።

«ጠርዙን አለስልሰው» አሉ አማቴ ከኋላዬ። «ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ይቀደዳል።» ራሳቸው ተቀብለውኝ በጥፍር ሞረድ ሞረዱት።

ጠርሙሱን አሸዋው ላይ አጋድሜ እንቁላሉን በሲሪንጅ ከበሩ ወደ ውስጥ ገፋሁ። ጉልቤዎቹ እየተንደረደሩ መጥተው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ አላተሙ። ባለካባው መጣ። በሩን አየ። አለፈ።

«አበቃ» አለች ባለቤቴ፤ ድምጿ ግን ደስ ያላት ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ዝም በይ፤ እያሰበ ነው» አሉ እናቷ።

ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ የሚገባ ይመስል ካባውን ሰብስቦ ገባ። አንዷን ፍሬ ጎረሰ፣ ተፋት፣ አያት፣ እንደገና ጎረሳት። ዋጣት። ሌላ ደገመ። ከዚያ ያለ ማንም ተሻሚ፣ ያለ ጥድፊያ፣ ጠርሙሱን ይዞረው ጀመር። ልጆቹ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ያያሉ፤ ባለቤቴም ቀሚሷን ሰብስባ አጠገባቸው ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ በየምሳው ይገባል። አከርካሪው ጠፋ፤ ጎኑ ሞልቶ ካባው ጠበበው። አንድ ቀን ባለቤቴ ስልክ ስታወራ ሰማኋት፤

«ቁም ሣጥኑ መኝታ ቤት ይገባል፣ እማዬ። የባሌን ልብስ አወጣለታለሁ። አይ፣ ዓሣውማ የትም አይሄድም፤ ገና ምሳውን አልጨረሰም።»