ልብስ ሰፊውና ሩሲያዊው

ልብስ ሰፊው በሰው የሚቀና ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን አፈር ከለበሰ መቶ ዓመት ባለፈው ሩሲያዊ ደራሲ አንጀቱ ይቃጠል ጀመር።

ነገሩ የመጣው በሚስቱ ስልክ ነው። እህቷ በነፃ የሚወርዱ የዚህን ሩሲያዊ አጫጭር ልቦለዶች ካሳየቻት ወዲህ፣ ስልኩን ከክር ማስቀመጫው ጋር አስደግፋ የልብስ ቁልፍ እየተከለች ታነባለች። ብቻዋንም ትስቃለች። ድሮ የሚያስቃት እሱ ነበር። ደንበኛ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ እሷም መርፌዋን ጥላ ሆዷን ይዛ ትንከተከታለች። ትዳራችንን አጽንቶ ያቆመው ያ ሳቅ ነው ብሎ ያምናል።

በዚያ ጠዋትም አንድ ረጅም ደንበኛ ወጥቶ ሲሄድ፣ "አየሽው? ሱሪው ከጫማው ጋር የተኳረፈ ነው የሚመስለው" አላት።

"እህ" አለች፤ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል።

"ምን አልኩ?"

"ሱሪ አልክ መሰለኝ። ቆይ እስቲ፣ እዚህ ታሪኩ ውስጥ የሰውዬው ባርኔጣ ሊበርበት ነው።"

"ይብረርበት! ደራሲውም አብሮ ይብረር!"

"ኧረ አንተ ሰውዬ! በሞተ ሰው ትቀናለህ?"

"ማ? እኔ?" አለና የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠ፤ መኪናው ጮኸለት።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። መኪናው ዝም አለ። እሷ ግን የአንድ ሙሽራ ሱፍ ቁልፍ ቀርቷት ስለነበር፣ በመስኮቱ ብርሃን መርፌዋ ላይ አቀርቅራ፣ "በል፣ ሥራ ከፈታህ አንብብልኝ" አለችው።

እንቢ ሊል ነበር። ግን ባላንጣን ቀረብ ብሎ ማየት ሳይሻል አይቀርም። አዲስ ታሪክ ከፈተ፤ አንድ የባቡር ጣቢያ ሹም ጎረቤቱን መበለት ሊያጭ አምሮበት ይሄዳል። ልብስ ሰፊው እንከን ፈልጎ አጣ። ደራሲው ይችልበታል፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው። ሹሙ በሩ ላይ ሲደርስ ድምፁን ሳይለውጥ ከራሱ ጨመረበት፦ "ሱሪውም ከጫማው ጋር የተኳረፈ ይመስል ነበር።"

ሚስቱ መርፌዋን ጣለች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ልክ እንደ ድሮው።

ልቡ ሞቀ። "የኔ ናት!" ሊል አፉን ከፈተ።

"አየህ?" አለችው እንባዋን እየጠረገች። "እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ ሰውዬ በቀር ማን ያመጣዋል? በል ቀጥል።"

አፉን ገጠመ። ቢናገር ሳቋ ይቆማል፤ ዝም ቢል ሳቋ የሰው ነው። ስልኩን እንደ ጠላት አፍጥጦ አየው። ከዚያም ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀጠለ፤ ወዲያውም ሩሲያዊው ያልጻፈው ቁልፍ ከሹሙ ኮት ተበጥሶ የመበለቲቱ ሻይ ውስጥ ጠብ አለ።